«አለርጂ» ተብሎ የሚታለፈው የፀሐይ ጉዳት

ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። ፀሐይ ቆዳ ትጎዳለች ሲባል ሐሳባችን ቶሎ አፋር ወይ ድሬዳዋ ይሄዳል። ግን ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም።

በቡና ወቅት ማድረቂያ አልጋው ላይ ቡና ስታገላብጥ የምትውል ሴት አለች እንበል። ለታይፈስ ዶክሲሳይክሊን ታዞላት እየዋጠች ነው፤ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል የሚያደርግ አንቲባዮቲክ ነው። በማግስቱ ፊቷ፣ አንገቷና የእጇ ጀርባ ቀልቶ ያቃጥላታል። ልብሷ የሸፈነው ደህና ነው። ግንባሯ ላይ ሻሿ ያለፈበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪም ጋ ስትቀርብ ካርዷ ላይ «አለርጂ» ይጻፋል፣ ቅባት ይሰጣታል፣ በቃ።

አይሲዲ-10 የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ኮድ ዝርዝር እኮ ለዚህ የራሱ ቦታ አለው። ተራ የፀሐይ ቃጠሎ ኤል55 ነው፤ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የቃጠሎውን ደረጃ ይናገራል። መድኃኒት ከፀሐይ ጋር ተዳምሮ ቆዳ ሲያቃጥል ግን ኤል56.0 ይባላል። የትኛው መድኃኒት እንደሆነ የሚያሳይ ተጨማሪ ኮድም ማስገባት ይቻላል። ሁለቱ ጎረቤት ኮዶች ናቸው፤ የሚያስከትሉት እርምጃ ግን ለየቅል ነው። አንዷን ጥላ ፈልጊ ብሎ መሸኘት ይበቃል። የሌላዋ መድኃኒት መታየት አለበት።

ኮድ የሚያስገባውን ባለሙያ አልወቅስም። ታካሚዋን አላያትም፤ የሚያየው ካርዱን ብቻ ነው። «አለርጂ» ከተጻፈለት ኤል56.0ን ከየት ያምጣው? በሚቀጥለው ጊዜ ትኩሳት ይዟት ስትመጣ ያው ዶክሲሳይክሊን ይታዘዝላታል። ማንም አያስጠነቅቃትም። በወር መጨረሻ ሪፖርት ላይም የእሷ ነገር ከምግብ አለርጂው ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ወረፋው ከበር ውጭ እንደሚደርስ አውቃለሁ። የምጠይቀው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ሽፍታው የወጣው የት ነው? ፀሐይ ላይ ውላለች? ምን መድኃኒት እየወሰደች ነው? ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ ልኮ በማስተማር የታወቀ ነው። የጤና ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ጤና ጣቢያ ሲወጡ ይህችን መስመር ካርድ ላይ መጻፍ ይልመዱ፤ መምህራኑም ካርዱን አይተው ያርሙላቸው። የቡና ለቀማው ሳይደርስ ቢጀመር ደግሞ የተሻለ ነው።