በእኔ ይሁንብህ

የባለቤቴ ወንድም የጀርመን መኪና ገዛ። ይግዛ፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። እኔን ያንገበገበኝ የዘይቱ ነገር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቸርችል ጎዳና ዳር ካለ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቷችንን ይዘን ተቀምጠናል። መኪናዋ ከፊታችን ቆማለች፤ የወንበሯ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። «ሰርቪሷ ደርሷል፤ ዋስትናዋም ገና አላለቀም። ምን ዓይነት ዘይት ባደርግላት ይሻላል?» ብሎ ጠየቀ። እኔን ጠይቆ ቢሆን ባልከፋኝ። የጠየቀው በረንዳውን ነው።

በረንዳ ደግሞ መልስ አያጣም። «ሃያ ሃምሳ!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ። «አገሩ ዳገት ነው። እንጦጦን በቀጭን ዘይት ልትወጣው ነው? ቀጭን ዘይት ውኃ ነው።» ከጎናቸው የተቀመጠው ጎልማሳ አርባ ቁጥርን የሚያህል የለም ባይ ነው፤ የአባቱ ፔዦ 404 ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ አልቀመሰችም። የአንዱን ደንበኛ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ እንኳ ብሩሹን አቁሞ የሚያውቀውን ሜካኒክ ጠቆመ። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ብቻ ምንም አልተናገረም፤ ፈገግ ብሎ ቡናውን ጠጣ። በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ ሰዎች ፈገግታ አብዝተዋል። መብራት የሚጠፋ ዕለት እንገናኛለን።

የምክሩ ሁሉ ማሳረጊያ ግን አንድ ነው፦ «በእኔ ይሁንብህ!»

በማን? ሞተሩ የሚወርድ ዕለት ሽማግሌው ጡረታቸውን ሊያስይዙ ነው?

የመኪናዋ መጽሐፍ እዚያው ከፊት መሳቢያው ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ከዱባይ የመጣች ስለሆነች ግማሹ በዓረብኛ ነው። የቀረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ እንግሊዝኛ የማይገባው ሰው አይደለም። ተነሥቼ አወጣሁት፣ ላስቲኩን ቀደድኩ፣ ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። 0ደብሊው-20 ይላል፤ በአማራጭ 5ደብሊው-30። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ለፈረንጅ አገር የተጻፈ ነው» አለኝ። ከዱባይ የመጣ መጽሐፍ!

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል ቀልጠፍ ብሎ እንደሚፈስ ይናገራል፤ ከእሷ በኋላ ያለው ዘይቱ ግሎ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚኖረውን ውፍረት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳር ማለዳ መኪና ያስነሣ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ሞተር ደግሞ ክፉኛ የሚበላው ገና ሲነሣ፣ ዘይቱ ከታች ተስቦ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ለፔዦ 404 የሚሆን ወፍራም ዘይት በዛሬ ሞተር ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሲንፏቀቅ የሚጎዳው መካሪው አይደለም።

ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። ሁለት ጀሪካኖች ጎን ለጎን 5ደብሊው-30 ተብሎ ተጽፎባቸው አንዱ የመኪናው ፋብሪካ ይሁንታ ያለው፣ ሌላው የሌለው ሊሆን ይችላል። ይሁንታው ከጀርባ በደቃቁ ነው የሚጻፈው፤ መርሴዲስ «229.5» ይላል፣ ፎልክስዋገን «504 00»፣ ቢኤምደብሊው «ሎንግላይፍ-04»። ፍራንክፈርት የሚኖር የአጎቱ ልጅ በስልክ ይህን የመጨረሻውን አዘዘለት። «እዚህ ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነው፤ በእኔ ይሁንብህ!» እዚያስ ልክ ነው። ነገር ግን ቢኤምደብሊው ራሱ ይህን ዘይት ለቤንዚን ሞተር ለረጅም ጊዜ የፈቀደው በአውሮፓ ብቻ ነበር። ዘይቱ የጭስ ማጣሪያውን እንዳይደፍን ሲቃጠል አመድ የሚተወው ቅመም ተቀንሶ የተሠራ ነው፤ አመዱ ሲቀነስ ድኝ የበዛበት ነዳጅ የሚፈጥረውን አሲድ የመቋቋም ዐቅሙም አብሮ ይቀንሳል። ፍራንክፈርት ተቀምጦ የአዲስ አበባን ማደያ ማን አሳየው?

ከተረትና ምሳሌ ሁሉ እኔ የምወደው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ነው። ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልግም፤ ባሏም አህያ ነዋ። ጅቡ ሲመጣ እሱም ለጅቡ ሁለተኛ ራት ከመሆን የዘለለ ፋይዳ የለውም። ይህን ተረት ያልተጠቀምኩበት ቦታ የለም። ጋቢውን ተከናንቦ ለሚያንኮራፋው የሰፈራችን ዘበኛ እጠቀምበታለሁ፣ በሐምሌ ዝናብ ለሚገለበጠው ጃንጥላዬም እንዲሁ። ባለቤቴ ስለ እኔም ሳትጠቀምበት አትቀርም። አሁን ወደ ዋስትናው ልመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የቆየ ቂም አለብኝ።

ድሮ ለአንድ የሩቅ ዘመድ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። እናቱ ቤታችን መጥተው፣ እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ አልቅሰው ነው ያስፈረሙኝ። ልጁም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ብሎ «በእኔ ይሁንብህ፣ አላሳፍርህም» አለ። ካዝናው ጎደለ። እሱ ጠፋ። ጉድለቱ ከእኔ ደመወዝ በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። እኔ የሰጠሁት ዋስትና ማኅተም ነበረበት፣ በሦስት ቅጂ ነበር፤ እሱ ለእኔ የሰጠኝ በአፍ ነበር። ዛሬ ይህ ሰው በሰላም ይኖራል። ሠርግ ላይ ሲያገኘኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ እያገላበጠ ይስመኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል፣ ከዚያም ቁርጡን በአዋዜ ነክሮ ያጎርሰኛል። የምውጠው የገዛ ደመወዜን ይመስለኛል።

በአፍ የሚሰጥ ዋስትና በዘይት ብቻ ቢያበቃ ባልተቆጣሁ። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ታቅፋ ለምትጨነቅ እናት፣ ከልጇ የተረፈ ግማሽ ፍሬ አሞክሳሲሊን ከመሳቢያ አውጥታ «በእኔ ይሁንብሽ» የምትል ጎረቤት አውቃለሁ። ለአራት ፎቅ የታሰበን ምሰሶ ብረት ቀንሶ «በእኔ ይሁንብህ» ያለ ግንበኛም አጋጥሞኛል። ሕፃኑ ቢብስበት፣ ምሰሶው ቢሰነጠቅ እነዚህ ሰዎች የት ይገኛሉ? ሌላ በረንዳ ላይ ሌላ ሰው ሲመክሩ።

ወደ ዋስትናው። ትንሿን ደብተር ገልጬ አነበብኩለት። የምትጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ሰርቪሱ በወቅቱ ይደረግ፣ ዘይቱ ይሁንታ ያለው ይሁን፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይመዝገብ፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። የዚህን ፋብሪካ ዘይት ካልገዛህ ወዮልህ አትልም። ታች በደቃቁ ደግሞ ዋስትናው የሚጸናው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው ትላለች። ሌላዋ አህያ ባሏ ባያስጥላትም አጠገቧ ነው የሚቆመው፤ የዚህችኛዋ ባል ዱባይ ነው። እሱን እንኳ ለመጥራት ወረቀት ያስፈልጋል።

የባለቤቴ ወንድም አንገቱን ነቀነቀ፣ ገባኝ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወርዶ ዘይቱን ገዛ። አስቀየረ። ማታ ደውዬ ጠየቅሁት። ቁጥሩ ልክ ነው። ይሁንታውን አይተሃል? ጊዜ አልነበረውም። ባዶውን ጀሪካን አምጥተሃል? እዚያው ለሠራተኞቹ ትቶላቸዋል፤ ባዶ ጀሪካን ደግሞ በዚህ ከተማ ባዶ ሆኖ አይከርምም። ከነክዳኑና ከነጽሑፉ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ተሞልቶ ወደ ገበያ እንዳይመለስ በምስማር ብሱት እየተባለ ሲመከር የኖረው በከንቱ አይደለም።

«ደረሰኙስ?»

«ባለ ሱቁ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ ብሎ ጠየቀኝ፤ ያለ ደረሰኝ 15 ከመቶው ይቀርልኛል።»

ቤት የሚያክል ገንዘብ ለወጣባት መኪና! የቀረለትን ብር ምን እንዳደረገበት ጠየቅሁት። ላቫጆ ወስዶ ሞተሯን ኮፈኑን ከፍቶ በግፊት ውኃ አሳጥቦበታል።