ስለ «ዘ ስኩዌር» ፊልም የተሰጠ ማስተካከያ

ሰሞኑን በደብረ ብርሃን ለፊልም ተመልካቾች በታደለው በራሪ ወረቀት «ዘ ስኩዌር» ስለ አንድ የስዊድን ሙዚየም የተሠራ፣ ኦስካር ያሸነፈ ዘጋቢ ፊልም እንደሆነ የተገለጸው ትክክል ስላልሆነ ይህ ማስተካከያ ተሰጥቷል።

ፊልሙ ስዊድናዊው ሩበን ኦስትሉንድ ጽፎ ያዘጋጀው፣ የዘመኑን የሥነ ጥበብ ዓለም በስላቅ የሚተች ልቦለድ ሲሆን፣ ሙዚየሙም የፈጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያገኘው የካን ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ፓልም ዶርን ነው፤ ለኦስካር ግን ከመታጨት አላለፈም።

ይሁን እንጂ ለፊልሙ ርዕስ የሆነው አራት ማዕዘን («ስኩዌር») በእውን የነበረ የሥነ ጥበብ ሥራ ነው። ኦስትሉንድና የፊልም ፕሮዲዩሰሩ ካሌ ቦማን እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊድን ቫርናሞ ከተማ በቫንዳሎሩም ሙዚየም ያቀረቡት ይህ ሥራ፣ በውስጡ የቆመ ሁሉ እኩል መብትና ግዴታ እንዲኖረው የሚል፣ በእኔ እምነት እጅግ የከበረ ሐሳብ ይዟል።

ወረቀቱ ፊልሙ በሠዓሊዎች ላይ እንደሚሳለቅ መግለጹም መታረም አለበት። በፊልሙ ውስጥ የሥነ ጥበብ ሥራ ሆነው ለእይታ ከተደረደሩት የጠጠር ክምሮች ከፊሉን የጽዳት ሠራተኛ በስህተት ጠርጎ ሲወስደው፣ የሙዚየሙ ኃላፊ ጉዳዩን በይፋ ከማሳወቅ ይልቅ ፎቶግራፍ እያዩ ጠጠሩን በድብቅ መልሰው እንዲከምሩ ሐሳብ ያቀርባል። እንግዲህ የሚተቸው የተቋም ኃላፊዎች አስመሳይነት ነው፤ በሰሜን ሸዋ ሥዕልን ሙያቸው ለማድረግ ለሚጥሩ ወጣቶች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከሩቅ ወረዳ የሚመጡ ተመልካቾች የመመለሻ ትራንስፖርታቸውን አስቀድመው እንዲያስቡበት እናሳስባለን።