ማስተካከያ፦ ጋርሚሽ-ፓርተንኪርኸን «ከተማ» አይደለችም

ባለፈው ጽሑፌ የጀርመኗን ጋርሚሽ-ፓርተንኪርኸን «በአልፕስ ግርጌ ያለች አንዲት ጥንታዊ ከተማ» ብያት ነበር። ሁለት ቦታ ስቻለሁ። በባቫሪያ ሕግ እስከ ዛሬ ማዕረጓ «ማርክት» ነው፤ ቃሉ ገበያ ማለት ሲሆን፣ ከከተማነት ዝቅ ያለ ደረጃ ነው። «አንዲት»ም አልነበረችም። ጋርሚሽና ፓርተንኪርኸን በፓርትናኽ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ለዘመናት ለየብቻ የኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ያዋሃዷቸው ናዚዎች ናቸው፤ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ለ1936ቱ የክረምት ኦሎምፒክ ሲሉ፣ ያውም በግድ።

የሮማውያን ዘመን ታሪክ ያላት ፓርተንኪርኸን ናት፤ ያኔ ስሟ ፓርታኑም ነበር። በኋላም በቬኒስና በአውግስቡርግ መካከል የሚመላለስ የነጋዴ ጭነት በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። ዛሬ በሉድቪግ ጎዳና ግራና ቀኝ ግድግዳቸው በሥዕል ያጌጠ ቤቶች ተደርድረዋል። ስሙን አሳጥራችሁ «ጋርሚሽ» የምትሉ ግን፣ ፓርተንኪርኸኖች ፊት ባትሉት ይሻላል።