«ዝም ብሎማ አይታሰርም» አትበሉ

ወገኖቼ፣ ሰው ታሰረ በተባለ ቁጥር «ዝም ብሎማ አይታሰርም» የምትሉትን ነገር ተዉ። ክስ የለ፣ ማስረጃ የለ፣ ዳኛ አልሰማ፤ እናንተ ግን ቡና እየጠጣችሁ ፈረዳችሁበት።

የጎረቤታችን ልጅ ከተወሰደ ዛሬ 35ኛ ቀኑ ነው። እናቱ በየማለዳው ስንቅ ያቀብላሉ። ቅዳሜ ዕለት አብሬያቸው ሄድኩ። በር ላይ ያለው ፖሊስ ፌስታሉን አስፈትቶ «ይቅመሱ» አላቸው። ለልጃቸው ከሠሩት ሽሮ ጎረሱለት፤ ከፔርሙሱም ሻይ ቀድተው ፊቱ ጠጡ። ከዚያ አጥሩ ሥር ቆመው ባዶው ሳህን እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ሳህኑ ተበልቶበት ከተመለሰ ልጁ አለ ማለት ነው፤ ሌላ የሚነግራቸው የለም። እኒህን እናት መንገድ ላይ ስታዩ ወደ ማዶ የምትሻገሩ አላችሁ። አታፍሩም?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ላይ ማንም ሰው ክስ ሳይቀርብበት ወይም ሳይፈረድበት ሊታሰር እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከሒሳቡ የሚወጣው የመንገዱ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ልጅ የቀረበው በዘጠነኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» እያለ 14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ፣ እንደገና 14 ቀን።

በ2006 ሚያዝያ ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩም «ዝም ብሎማ» ብላችሁ ነበር። ክስ የተመሠረተባቸው ሦስት ወር ሊሞላቸው ሲል ነው። ሁሉም ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው ወጡ፤ በሽብር ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ያኔ ስለ እነርሱ የጮኻችሁትንም ልጠይቃችሁ፦ ዘመኑ ተለውጦ የማትወዱት ሰው ሲታሰር ድምፃችሁ የት ጠፋ? የታሳሪውን ስም ሰምታችሁ ብሔሩን እስክታጣሩ የምትዘገዩት እስከ መቼ ነው?

ነግ በእኔ በሉ አልላችሁም። ነገ የእናንተ ተራ ባይደርስስ? ዛሬ የታሰረው ልጅ ብቻውን አይበቃም ወይ?

«ይፈታ» እያላችሁ በስሙ የሌላውን ዘር የምትሰድቡ፣ እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ስድባችሁ የሚጠቅመው ላሰረው እንጂ ለታሰረው አይደለም። ጥያቄያችን አጭር ነው፦ ወይ ክሰሱት፣ ወይ ልቀቁት። ይህን በየቀኑ፣ ሳትሰለቹ፣ ከነስሙ ጠይቁ። ፎቶውን አንድ ሳምንት ለጥፎ በሁለተኛው መርሳት ከዝምታ አይሻልም፤ እናቱን ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ነውና።

ሦስተኛው ጊዜ ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ነው። ባለፈው እናቱ ችሎቱ ውስጥ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ነበር የተቀመጡት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤታቸው በር እንነሳለን።