አደባባዩን ሁለት ረድፍ ያዝ፣ ግን አሳውቀን

በቃ፣ ይነገር። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አደባባዮች ፈርሰው የትራፊክ መብራት ተተክሎባቸዋል። በቀሩት ላይ ግን፣ ቃሊቲ ይሁን ጎሮ፣ ቱሉ ዲምቱ ይሁን አየር ጤና፣ ማታ ከባድ መኪና ሲለቀቅ አምስት ደቂቃ ቆሞ ማየት ይበቃል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በቀኝ ረድፍ ይመጣል። ፍሬቻ የለም። አደባባዩ ውስጥ ከገባ በኋላ አፍንጫውን ድንገት ወደ ግራ ይጠመዝዛል። ከጎኑ የነበረችው ቪትዝ ከመሃሉ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ትጣበቃለች፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ፍሬን ይረግጣል፣ ክላክሱ ይቀልጣል። ሾፌሩን ጩኸቱ አይገርመውም፤ ወደ ግራ እንደሚሄድ እሱ ድሮም ያውቃል። ያላወቀው በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ነው። ብሶታችን ይኸው ነው።

የቤት መኪና ነጂ ብዙ ጊዜ የሚያማርረው «ሁለት ረድፍ ዘጋብን» እያለ ነው። እዚህ ላይ ለሾፌሮቹ እንመስክር። ረጅም መኪና አደባባይ ላይ ሁለት ረድፍ የሚይዘው ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው። የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ምን ያህል እንደሚቆርጥ ለማወቅ አንድ ጎታች ከነተሳቢው እንውሰድ። የጎታቹ የፊትና የኋላ ጎማ 3.5 ሜትር ይራራቁ። ተሳቢው ከተቆለፈበት ፒን እስከ ኋላ ጎማዎቹ መሃል ደግሞ 8 ሜትር ይሁን። የፊት ጎማው ከአደባባዩ መሃል በ15 ሜትር ርቀት ላይ ይዞራል እንበል። 15 በራሱ ሲባዛ 225 ነው። ከዚያ ላይ የ3.5ን ብዜት 12.25 እና የ8ን ብዜት 64 ስንቀንስ 148.75 ይቀራል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 12.2 ነው። የፊቱ በ15 ሜትር ላይ ሲዞር የኋላው በ12.2 ሜትር ላይ ይዞራል ማለት ነው። 2.8 ሜትር ወደ ውስጥ ገባ። የመኪናው ስፋት 2.5 ሜትር ሲጨመርበት ከ5 ሜትር በላይ መንገድ ይጠርጋል። አንድ ረድፍ 3.5 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በአንዱ ረድፍ ውስጥ ልግባ ቢልም አይችልም። የአደባባዮቻችን የመሃል ጠርዝ ድንጋይ በጎማ ጠቁሮና ተሰባብሮ የሚታየውም ለዚህ ነው። ተሳቢ የሌለው፣ ጎማው በ5 ሜትር የሚራራቅ የጭነት መኪና በዚሁ መዞሪያ ላይ የሚቆርጠው 90 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እሱ በረድፉ መቆየት ይችላል፣ ሰበብም የለውም።

እንግዲህ ሁለት ረድፍ የግድ ከሆነ፣ የግድነቱ ከሩቅ ይታወቃል። ሾፌሩ ገና መጋዘኑን ሲለቅ ተሳቢ እንደሚጎትት ያውቃል። ታዲያ ምርጫውን አደባባዩ አፍ ላይ ደርሶ ለምን ያደርጋል? አሰራሩ ይህ ነው፤ ማሰልጠኛ ውስጥ የተማረው ሁሉ ያውቀዋል። ከ100 ሜትር በፊት መውጫህን ለይ። ስፖኪዮ እይ፣ ፍሬቻ አብራ፣ ከዚያ ቦታህን ያዝ። 50 ሜትር ሲቀርህ ቦታህ ላይ መሆን አለብህ፤ ከዚህ በኋላ ረድፍ አይቀየርም። ወደ ቀኝ የምትወጣ ከሆነ የቀኙን ረድፍ በቀኝ ፍሬቻ። ወደ ግራ ወይም ዞረህ የምትመለስ ከሆነ የግራውን በግራ ፍሬቻ፤ ከመውጫህ በፊት ያለውን መውጫ እንዳለፍክ ወደ ቀኝ ፍሬቻ ትቀይራለህ። ቀጥታ የምትሄድ ረጅም መኪና ከሆንክ፣ ሁለቱን ረድፍ የሚከፍለውን መስመር በጎማዎችህ መሃል አድርገህ ቀጥ ብለህ ቅረብ። ከኋላህ ያለው ያኔ ገና ሳይደርስብህ «ይኼ ሁለቱንም ሊይዝ ነው» ብሎ ይረጋጋል። ግማሽ ረድፍ ክፍት ትተህ ከመጣህ ግን ያን ግማሽ አንዱ ይገባበታል፤ መግባቱ አይቀርም፣ ከተማው አዲስ አበባ ነው።

በቀኝ ለመውጣት ሲሉ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ ብለው የሚጠመዝዙ አሉ። ይህ ልማድ ክፉ ነው። ወደ ግራ በተከፈትክ ቁጥር በቀኝህ አንድ ባጃጅ የሚያሳልፍ በር ትከፍታለህ፣ ከዚያ ተመልሰህ በሩን በላዩ ላይ ትዘጋዋለህ። የኋላ ጎማህን ከቀኝ ጠርዝ ብዙ ሳታርቅ ወደ ፊት በደንብ ግባ፣ ከዚያ ጠምዝዝ። ስፋቱን መታጠፊያው ካለፈ በኋላ ፈልገው።

ስለ ቀኝ ጎን በደንብ መነጋገር አለብን። የእኛ ሾፌር የሚቀመጠው በግራ ነው። አደባባዩን በግራ እየዞረ ሳለ የተሳቢው አካል በግራ ስፖኪዮ ውስጥ ይገባል፣ የመሃሉን ጠርዝ ማየት ይችላል። ለመውጣት ወደ ቀኝ በጠመዘዘበት ቅጽበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተሳቢው በቀኝ ይቆርጣል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከጋቢናው በር ሥር ጀምሮ ከመስኮት የማይታይ ትልቅ ቦታ አለ። ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅ፣ ሕፃን ያዘለች እናት እዚያ ውስጥ ብትኖር ሾፌሩ አያያትም። ይህን ቦታ የሚያሳየው ከበሩ በላይ ወደ ታች የሚያይ ትንሽ ጎባጣ መስታወት ነው። ስንት መኪና ላይ አለ? ተሰብሮ ያልተተካ፣ ይሰረቃል ተብሎ ተፈትቶ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ፣ ወይም ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሆኖ ነው የምናገኘው። ቆሞ ለማስተካከል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ረዳቱ በቀኝ በር አጠገብ መሬት ላይ ይቁም፣ ሾፌሩ መቀመጫው ላይ ሆኖ የረዳቱን ትከሻና የፊቱን ጎማ እስኪያይ ያዘንብለው።

ረዳት ካነሳን አይቀር፣ ይህ ልጅ የቀኙ ዓይን ነው። በድሮው ወግ ረዳት አደባባይ ሲደረስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ በእጁ «ቆይ» ይላል፣ ለሾፌሩም «ነጻ ነው» ወይም «ባጃጅ አለ» ይለዋል። አሁን ብዙው ስልኩ ላይ ነው፣ ወይም ከሌሊት ጉዞ ደክሞት ተኝቷል። ለአደባባዩ ሠላሳ ሴኮንድ ቀስቅሱት፤ ተመልሶ ይተኛል።

ፍጥነት ደግሞ ለብቻው ብሶት ነው። በተለይ ከአዳማ በፈጣን መንገዱ መጥቶ ቱሉ ዲምቱ የሚደርሰው። አንድ ሰዓት ያህል በ80 ሲነዳ የቆየ ሰው 40 የእግር መንገድ ይመስለዋል። ዓይኑን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን ማመን ያለበት እዚህ ነው። መዞሪያው 20 ሜትር ራዲየስ ካለው፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የክብደቱን 16 በመቶ ያህላል። በ30 ወደ 35 በመቶ ይደርሳል፣ በ40 ከ60 በመቶ ያልፋል። ከፍ ተደርጎ የተጫነ መኪና ደግሞ ከ30 እስከ 40 በመቶ ላይ የውስጥ ጎማው መሬት መልቀቅ ይጀምራል። በ20 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት ጋቢና ውስጥ ምንም አይመስልም፤ ለተሳቢው ግን በመቆምና በመገልበጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። መገልበጡ የሚጀምረውም ከኋላ ስለሆነ ሾፌሩ ሲሰማው ረፍዷል። በዚያ ላይ አደባባይ ሦስት ጊዜ አቅጣጫ ያስቀይራል፤ ሲገቡ ወደ ቀኝ፣ ሲዞሩ ወደ ግራ፣ ሲወጡ እንደገና ወደ ቀኝ። ግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሆነ ፈሳሹ በእያንዳንዱ ላይ ዘግይቶ ከጎን ጎን ይመታል። ሸራ ያልለበሰ ገልባጭ ከሆነ አሸዋና ገረገንቲው መዞሪያው ላይ ይፈስሳል፣ ጠዋት የሞተር ሳይክል ጎማ የሚያንሸራትተው ያ አሸዋ ነው። ማርሹ ከመግባት በፊት ይቀነስ፣ መዞሪያው ላይ አይቀየር፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መንሳፈፍ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

አደባባይ ውስጥ ላለ መኪና፣ ማለትም ከግራ ለሚመጣ፣ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው። ብዙ ከባድ መኪና ግን ግዙፍነቱን ተማምኖ ይገባል። ምክንያቱን እናውቀዋለን። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ቆሞ ሲነሳ ቀስ ብሎ ነው፤ አካሉን ጨምሮ 25 ሜትር ለማለፍ 10 ሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል። በ30 የሚመጣ መኪና በዚያ ጊዜ 83 ሜትር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ክፍተት መንገዱ በተጨናነቀበት ሰዓት አይገኝም፣ በዳገት ላይ ደጋግሞ መነሳት ደግሞ ፍሪሲዮን ይበላል። ስለዚህ ሾፌሩ ትዕግሥቱ ያልቅና አፍንጫውን ያስገባል። ችግሩን እንረዳለን፤ መፍትሔው ግን ይህ አይደለም። በተለይ መውጫው ተዘግቶ እያየ መግባት ይቅር የማይባል ነው። አንድ ተሳቢ አደባባዩ ውስጥ ሲቆም አራቱንም አፍ ይዘጋል፤ ከዚያ አምቡላንስም አያልፍም። አካልህን በሙሉ የሚያስወጣ ቦታ መውጫው ላይ ካላየህ ከመግቢያው መስመር ቁም።

እናንተ የትንሽ መኪና ነጂዎችም አትሸሹ። ሁለት መስመር ይዞ፣ ፍሬቻ አብርቶ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ከባድ መኪና ጎን ገብታችሁ በኋላ «ገጨኝ» አትበሉ። ጎታቹ አልፎ ተሳቢው ገና ሲመጣ በመሃል ያለው ባዶ ቦታ ሁለት ሴኮንድ ቆይቶ የጎማ ቦታ ነው። ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ዝግ ብላችሁ ሙሉውን አሳልፉት፤ ከ10 ሴኮንድ በላይ አትጠብቁም፣ እናንተ ዝግ ስትሉም ከኋላ ላሉት ሁሉ ይቀልላቸዋል። ሚኒባሶችም የአደባባዩን መውጫ አፍ ተሳፋሪ መጫኛ ማድረጋችሁን አቁሙ። ከባዱ መኪና መሃል ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ እናንተ ከፊቱ «አንድ ሰው የቀረው» እያላችሁ ስለሆነ ነው። ረጅም መብራት ብልጭ ማድረግም ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ «እለፍ» ሲል ሌላው «እንዳትገባ» ይላል። አደባባይ ላይ አትጠቀሙበት፤ እጅ ይታያል።

የመጨረሻው ነገር በጣም ቀላል ስለሆነ በጣም ያናድዳል። ብዙ ሾፌር ፍሬቻ ያበራል፣ ጋቢናው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማዋል፣ ተሳቢው ላይ ግን አይበራም። ከኋላ ያለነው የምናየው ደግሞ ተሳቢውን ብቻ ነው። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው የሚሄደው የመብራት ገመድ ሶኬቱ ላልቶ፣ ጫፉ ዝጎ፣ ወይም ገመዱ መሬት እየተጎተተ ተበጥሶ ነው። አንዳንዱ ደግሞ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ባለ 24 ቮልት 21 ዋት ነው፣ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሁሉ አለው። አንዳንዱ ጭቃ ሸፍኖታል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ከመነሳትህ በፊት ረዳትህን ከተሳቢው ኋላ አቁመው። ግራ ፍሬቻ አብራ፣ ቀኝ አብራ፣ ፍሬን ርገጥ። በርቶ ካላየ ሶኬቱን ንቀሉት፣ ፒኖቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ መልሳችሁ አጥብቁት፣ ገመዱን ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ከዚያ ቃሊቲ ስትደርስ ሁለቱንም ረድፍ ያዝ፤ እኛም አይተን እንቆምልሃለን።