በአንድ አልትራሳውንድ ፍርድ አይሰጥ

ጽንሱ የሚያድግበት «ከረጢቱ ባዶ ነው» ተብላ ከአልትራሳውንድ ክፍል እያለቀሰች የወጣች ሴት በየሰፈራችን አለች። የወር አበባዋ ቀርቷል፣ የሽንት ምርመራው እርጉዝ ነሽ ብሏታል፣ ስትታይ ግን ጽንስም የልብ ምትም የለም። አንዳንዷ እዚያው አልጋው ላይ እንዳለች «አልቀጠለም፣ መድኃኒት ውሰጂና ይውረድ» ትባላለች። ይሄ ትክክል አይደለም። ብዙ ደም የማይፈሳት፣ ሕመምም ትኩሳትም የሌላት ሴት፣ እርግዝናዋ ገና ጅምር ከሆነ፣ አንድ ቀን ብቻ ታይታ እንዲህ ልትባል አይገባም።

ምን መቼ እንደሚታይ እንወቅ። በብልት በኩል በሚገባው አልትራሳውንድ ከረጢቱ የሚታየው በ5 ሳምንት ገደማ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በውስጡ የጽንሱን ስንቅ የያዘች ትንሽ ክብ ትታያለች። ጽንሱና የልብ ምቱ የሚታዩት 6 ሳምንት ገደማ ላይ ነው። በሆድ ላይ የሚደረገው አልትራሳውንድ ይህን ሁሉ የሚያየው አንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው። ጽንሱ በዚህ ጊዜ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ዛሬ ማክሰኞ ባዶ ከረጢት ብቻ የታየበት ማህፀን በሚቀጥለው ማክሰኞ የሚመታ ልብ ሊታይበት ይችላል።

ታዲያ ሳምንቱ በትክክል ተቆጥሯል ወይ? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ያውም በየ28 ቀኑ የሚመጣላትን ሴት አስቦ ነው። እኛ ጋ ቀኑን ጽፋ የምትይዝ ስንቷ ናት? «ከቁልቢ መልስ ነው» ወይም «ረመዳን ሊገባ ሲል ነው» ነው የምንለው። ያ ግምት ደግሞ ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ተቀይሮ ማሽኑ ላይ ሲገባ ሌላ ስህተት ሊጨመርበት ይችላል። የሦስት ወር መርፌ ስትወስድ ቆይታ ያቆመች ሴት እንቁላሏ እንደገና መውጣት እስኪጀምር ወራት ሊፈጅ ይችላል። የምታጠባ እናት የወር አበባዋ ሳይመለስ ልታረግዝ ትችላለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት «በቆጠራሽ 7 ሳምንት ሆኖሻል፣ ልብ መታየት ነበረበት» ብሎ ተስፋ ማስቆረጥ በምን ማስረጃ ነው?

ይህን ጥንቃቄ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። በፊት ብዙ ቦታ ጽንሱ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ደርሶ ልብ ካልመታ፣ ወይም ከረጢቱ 16 ወይም 20 ሚሊሜትር ሆኖ ጽንስ ካልታየበት፣ እርግዝናው አልቋል ይባል ነበር። ኋላ ሲጠና በዚህ ልክ ደህና እርግዝናም አብሮ ሊፈረድበት እንደሚችል ታወቀ፤ ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ጽንስ ሲለኩት እንኳ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በፈረንጆቹ 2011 እንግሊዞች፣ በ2013 ደግሞ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ልኩን ከፍ አደረጉት፤ ጽንሱ 7 ሚሊሜትር፣ ከረጢቱ 25 ሚሊሜትር። እንግሊዞቹ ይሄ ልክ ተሞልቶም ሌላ ባለሙያ ይይላት ወይም ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ ትደገም ይላሉ። ልኩ ካልተሞላ ደግሞ መጠበቅ ነው። ባዶ ከረጢት ብቻ ከታየ ቢያንስ 14 ቀን፣ ስንቅ የያዘችው ክብ ያለችበት ከረጢት ከታየ ቢያንስ 11 ቀን አልፎ እንኳ የልብ ምት ከሌለ፣ ያኔ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል።

እኛ እጅ ላይ የሚሰጠው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው። ስንት ሚሊሜትር እንደተለካ፣ በሆድ ይሁን በብልት በኩል እንደታየ፣ መቼ እንደምትመለስ አይጻፍበትም። እህቶቼ፣ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ቁጥሩ ይጻፍልኝ በሉ። «አቦ፣ እነሱ ያውቃሉ» ብሎ ዝም ማለት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሁለተኛው ባለሙያ አደገ አላደገም የሚለው የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ነውና።

በብልት በኩል መታየትን ብዙ ሴቶቻችን ይሸሻሉ። ነውር ይመስላል፣ ጽንሱን የሚነካው የሚመስላትም አለች። ጽንሱን አይነካውም። ሴት ባለሙያ ትየኝ ማለትም ይቻላል፤ ድሬዳዋም ሐረርም ያሉ ክሊኒኮች ይህን ቢያመቻቹ እሺ የምትለው ሴት ብዙ ናት።

አንዳንድ ባለሙያ «ሁለት ሳምንት በጭንቀት ከምትቆይ ቁርጡን ማወቅ ይሻላታል» ይላል። ጭንቀቱ እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ቁርጡ ገና ያልታወቀ ነገር ቁርጥ ተብሎ ሲነገራት፣ መድኃኒቱን ከዋጠች በኋላ መመለሻ የለውም። ብትጠብቅ ግን፣ ደህና እስከሆነች ድረስ፣ የምታጣው ነገር የለም።

መጠበቅ የማይገባት ሴት ግን አለች። ምርመራው እርጉዝ ነሽ ብሏት ማህፀኗ ውስጥ ከረጢቱ እንኳ ካልታየ፣ እርግዝናው ከማህፀን ውጪ ሊሆን ይችላል። ይህ ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 ላይ ይደርሳል፣ ይገድላልም። በአንድ ጎን የሚወጋ ሆድ፣ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ካለ ቀጠሮ ብሎ ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ድሬዳዋ ወዳለው ድል ጮራ ወይም ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው።

በሁለተኛው ምርመራም ልብ ያልተገኘላት ሴት ትኖራለች። እሷን «ባጃጅ ላይ ስትንገጫገጪ»፣ «ጀሪካን ተሸክመሽ ነው» የሚላት ሰው አይጠፋም፤ አማቷም ትላለች፣ ጎረቤትም ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨናገፈው ግማሽ ያህሉ ጽንሱ ገና ሲፈጠር ከክሮሞዞም (የዘር መረጃውን ከሚይዙት ክሮች) ችግር ጋር ስለተፈጠረ ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ መዋልም ያድነው እንደነበር የተረጋገጠ ነገር የለም። ይህን ባሏም አማቷም ባሉበት ቁጭ ብሎ የሚነግራት ባለሙያ ያስፈልጋታል።

የሚቀረው ገንዘቡ ነው። ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከዋሂል ወይም ከቢዮ አዋሌ ለምትመጣ ሴት «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» ማለት ዳግም ትራንስፖርት፣ ዳግም የምርመራ ክፍያ፣ የአንድ ቀን ሥራ መፍታት ነው። ስለዚህ ላትመለስ ትችላለች። ክሊኒኮቻችን ለዚህ ለድጋሚው ምርመራ ሁለተኛ ክፍያ ባይጠይቁ፣ ጤና ቢሮዎቻችንም የመንግሥት ጤና ተቋማት ውስጥ ድጋሚው በነፃ እንዲሆን ቢወስኑ፣ ዛሬ «ባዶ ነው» የተባለችው ሴት በቀጠሮዋ የመምጣት ዕድሏ ሰፊ ይሆናል።