ለስክራፐር ብላክዌል ጊታር የሚገባው ስብስብ

ጥቁር አሜሪካውያን የፈጠሩት የብሉዝ ሙዚቃ ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ ምን እንደተለወጠ በጆሮው መለየት የሚፈልግ ሰው፣ «ያዙ» የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ የብሉዝ ጊታረኛውን የስክራፐር ብላክዌልን ቀደምት ሥራዎች አሰባስቦ ያወጣውን አልበም ቢያዳምጥ ብዙ ያተርፋል። ብቻውን የሚጫወት የገጠር ጊታረኛ ባሱንም፣ ምቱንም፣ ዜማውንም በአንድ መሣሪያ መሸከም ነበረበት። በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ግን ድምፃዊው ሊሮይ ካር ወፍራሙን ድምፅና ምቱን በፒያኖው ስለያዘለት፣ ብላክዌል ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ወጥቶ ነጠላ ኖታዎችን በኃይል እየነጠቀ ለዘፈኑ ስንኞች መልስ የመስጠት ነፃነት አገኘ። ኋላ በኤሌክትሪክ ጊታር የታወቀው ቲቦን ዎከር ከዚህ አጨዋወት ብዙ ወስዷል።

ካርና ብላክዌል እ.ኤ.አ. በሰኔ 1928 ለቮካሊየን ሸክላ ኩባንያ ያስቀዱት «ሃው ሎንግ፣ ሃው ሎንግ ብሉዝ» በሰፊው ሲሸጥ ስሙ የገነነው የካር ነበር። በዚያው ወር ብላክዌል ብቻውን ያስቀዳው «ኮኮሞ ብሉዝ» ደግሞ በብሉዝ ዘፋኞቹ በ1934 በኮኮሞ አርኖልድ፣ በ1936 በሮበርት ጆንሰን እጅ አልፎ «ስዊት ሆም ቺካጎ» ሆነ። ዛሬ በየመድረኩ የሚዘፈነው ይህ ዜማ ከማን እንደተነሣ የሚያውቀው አድማጭ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

በብላክዌል ስም በሚወጡ ስብስቦች ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። አዘጋጆቹ በአብዛኛው የሚመርጡት ብቻውን የተጫወተባቸውን ነው፤ ከካር ጋር ያስቀዳቸው ከመቶ በላይ ዘፈኖች በካር ስም ተመዝግበው ይቀራሉ። የብቻ ሥራዎቹ የጣቱን ቅልጥፍና በሚገባ ያሳያሉ፣ ይህን አልክድም። ሆኖም ታላቁ ሥራው ያለው ከፒያኖው ጋር በሚነጋገርበት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት በሚያውቅበት ቦታ ነው፤ የከተማው ብሉዝ አዲስነትም ከዚህ ጥምረት ውጭ አይሰማም።

ካር በ1935 በለጋ ዕድሜው ሲሞት ብላክዌል ከሙዚቃው ርቆ ለሃያ ዓመታት ያህል በጉልበት ሥራ ኖረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈልገው ያገኙት አድናቂዎች እንደገና ቢያስቀዱትም፣ በ1962 እዚያው ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በጥይት ተገደለ። የቀጣዩ ስብስብ አዘጋጅ የጥምረቱን ዘፈኖች ከብቻ ሥራዎቹ ጋር በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ በሽፋኑ ላይ የሁለቱንም ስም እኩል ሊጽፍ ይገባል።